አጭር መጣጥፍ እንዴት ይጻፋል? የስምንት ዓመት ስሕተቴ ያስተማረኝ

ለመሆኑ አንድ ሰው በሦስት መስመር ጽሑፍ ስንት ሰው ሊያሳስት ይችላል? ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅሁት ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ነው። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም፤ ሆኖም ከጥያቄው የተማርኩት ነገር ለእኔ ብቻ የሚቀር ስላልመሰለኝ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ አገራችን የዓለም ቅርሶች አስተምሬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ደብተር ሳርም ከአንዲት ተማሪ መልስ ላይ ደረስኩ፤ «የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 ዓ.ም. ነው» ይላል። እኔ ከክፍሉ መምህር ማስታወሻ ወስጄ ያስተማርኩት ዓመት ግን 1970 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በቀይ እስክሪፕቶ ኤክስ አደረግሁበት።

በማግሥቱ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ከራሴ አላመጣሁትም፤ በወንድሜ ስልክ ውክፔዲያ ላይ ነው ያየሁት» አለችኝ። «እስቲ እንየው» ብዬ ስልኬን ከፈትሁ። እውነትም ተጽፏል። «ማነው ይኼን የጻፈው?» በሚል ንዴት የገጹን የእርማት ታሪክ ተመለከትሁ። ምን አለፋችሁ፣ ጸሐፊው እኔው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ!

ያንን ዐረፍተ ነገር የጨመርኩት ገና የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ሳለሁ ነው። ከአንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ 1978 የሚል ዓመት አየሁና፣ በልማድ «ዓ.ም.» የምትለዋን ከኋላው ቀጥዬ አወጣሁት። ዓመቱ ግን የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። እንግዲህ በእኔ ጥፋት አንዲት ተማሪ ዜሮ አገኘች፤ ዜሮውን የሰጠኋትም እኔው ነኝ። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት የተነሣሁት።

ውክፔዲያ ምንድን ነው?

ውክፔዲያ ማንኛውም ሰው ሊያነበውም ሊጽፍበትም የሚችል፣ በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ነፃ መዝገበ ዕውቀት ነው። የተጀመረው በጥር ወር 1993 ዓ.ም. (2001 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ጀማሪዎቹ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኑፒዲያ የሚባል ሌላ መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ በሊቃውንት እየተመረመረ እንዲወጣ ታስቦ ስለነበረ ሥራው እጅግ አዘገመ። ስለዚህ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ ሌላው የሚያርምበት ዘዴ ተመረጠ። ዘዴውን በ1987 ዓ.ም. (1995 እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ያዋለው ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። «ዊኪ» የሚለውንም ስም ያወጣው እሱ ሲሆን፣ ቃሉ ከሐዋይ ቋንቋ የተወሰደና «ፈጣን» ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይመስለኝም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንል የለም? መዝገበ ዕውቀት መጻፍ ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሸክም ነው፤ ለሺህ ሰው ሲከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ አንዲት ሎሚ ትደርሰዋለች። ጥያቄው ሎሚዋ የበሰለች ናት ወይስ የበሰበሰች? የሚለው ነው።

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ መጣጥፎች አሉት። የአማርኛው በ15 ሺህ ገደማ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያሏቸው አጫጭር መጣጥፎች ናቸው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ ያፍራል። እኔ ግን የሚያሳፍረው ማጠሩ አይመስለኝም። አጭር መጣጥፍ ማለት መሠረቱ የተጣለ ቤት ነው፤ መሠረቱ ደህና ከሆነ ሌላው መጥቶ ግድግዳውን ያቆማል። መሠረቱ ጠማማ ከሆነ ግን ከላይ የሚጨመረው ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

ከመጻፍ በፊት

አንደኛ፣ የምታውቁትንና ማስረጃ የምታገኙለትን ርእስ ምረጡ። በውክፔዲያ ደንብ መሠረት አንድ ነገር እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አንባቢው ሄዶ ሊያመሳክረው የሚችል የታተመ፣ የታመነ ምንጭ ሊኖረው ይገባል። ምንጩም በግርጌ ማስታወሻ ይጠቀሳል።

ሁለተኛ፣ ርእሱ ቀደም ሲል ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። በአማርኛ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» የሚባሉት ሞክሼ ፊደላት በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ገጽ ሊወለድ ይችላል። የስም ልዩነትም አለ፤ የአገራችንን ከፍተኛ ተራራ አንዱ «ራስ ደጀን» ሲለው ሌላው «ራስ ዳሸን» ይለዋል። መፍትሔው አንዱን ዋና ርእስ አድርጎ፣ በሌላው አጻጻፍ የሚፈልግ አንባቢ ወደዚያው እንዲመራ ማድረግ ነው። ውክፔዲያ ይህን የሚሠራ ትእዛዝ አለው።

ሦስተኛ፣ ከመጽሐፍም ሆነ ከሌላ ድረ ገጽ ቃል በቃል አትገልብጡ። ውክፔዲያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ የሚለቀቅ ነው፤ የሰውን ንብረት ደግሞ እኛ ልንለቅለት አንችልም። አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ ከዚያ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ የምናደርገውም ይኸው አይደል?

ሲጻፍ

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የነገሩን ምንነትና ቦታ ይናገር። «የሰሜን ተራሮች እጅግ አስደናቂና ዓለምን ያስደመመ የኩራታችን ምንጭ ነው» ብሎ መጀመር አይገባም። እንዲህ ያለው አነጋገር ለዘፈን ይሆናል፤ ምንም ያልሰማ ተማሪ ግን ከዚህ ምን ይጨብጣል? ፓርኩ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ከደንቦቹ አንዱ ሚዛናዊነት ሲሆን፣ ጸሐፊው ሳያወድስና ሳይነቅፍ ነገሩን እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አድናቆቱን ለአንባቢው እንተውለት።

ቁጥር ሲጻፍ ጥንቃቄ ይጨመር። ለምሳሌ የራስ ደጀንን ከፍታ አንዱ ጽሑፍ 4,533፣ ሌላው 4,550፣ የቆየው ደግሞ 4,620 ሜትር ይላል። ታዲያ የትኛው ይጻፍ? ደስ ያለንን መምረጥ አይቻልም፤ አማካዩን ማውጣትም አይቻልም። የታመነውን ምንጭ ጠቅሶ መጻፍ፣ ምንጮቹ ከተለያዩም ልዩነቱን ከነምንጩ ማሳየት ነው ደንቡ።

ከጨረሳችሁ በኋላ ገጹን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለራሳችሁ አሳዩት። ከዚያ ምን እንዳረማችሁ በአንዲት መስመር ግለጹ። ስም ሳያስመዘግቡ ማረም ቢቻልም፣ ማስመዝገቡ ይሻላል፤ ሰው ጥያቄ ሲኖረው በውይይት ገጽ ሊያነጋግራችሁ ይችላልና። በመጨረሻም እያንዳንዱ እርማት፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ እንደሚቀመጥ አትርሱ። እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው።

ከአያቶቻችን የሰማነውስ?

እዚህ ላይ አንድ የከነከነኝን ጉዳይ ላንሣ። ከደባርቅ አካባቢ የመጣ የመኝታ ክፍል ጓደኛ አለኝ። ስለ ጭላዳ ሲያወራ ብትሰሙት! ጠዋት ከገደሉ ሲወጡ፣ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፣ ማታ ደግሞ ወደ ገደላቸው ሲመለሱ በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ ያየውን ይተርካል። አያቱ የነገሩትን የዋልያ ታሪክማ ተዉት። «ይህን ሁሉ ለምን አትጽፈውም?» ብዬው ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አራሚ «ምንጭ የለውም» በማለት ግማሹን አነሣበት። ጓደኛዬ ተናደደ፤ «እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ አያቴ የኖሩበትን፣ መጽሐፍ ካልመሰከረ ውሸት ነው ማለት ነው?» አለ።

ጥያቄውን ይዘን ወደ መምህራችን ሄድን። እሳቸውም እንዲህ አሉን፦ «ውሸት ነው አላሉህም፤ ማመሳከር አልቻልንም ነው ያሉህ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንተ አያትህን ታምናለህ፣ ታውቃቸዋለህና። አንባቢው ግን አንተንም አያትህንም አያውቅም። ዛሬ አንተ ያለ ምንጭ እውነቱን ብትጽፍ፣ ነገ ሌላው ያለ ምንጭ ውሸት ሲጽፍ በምን ትመልሰዋለህ?»

ይህ አነጋገር ጓደኛዬን ሙሉ በሙሉ አላስደሰተውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላስደሰተኝም። ብዙው ዕውቀታችን ገና በሽማግሌዎች ቃል ውስጥ ያለ ነው። የታተመ ምንጭ ብቻ የሚቀበል መዝገብ ደግሞ ብዙ ለጻፈ አገር ይመቻል። ነገር ግን መፍትሔው ደንቡን መጣስ አይመስለኝም። መፍትሔው ዕውቀቱ ቀድሞ በሌላ ቦታ በሥርዓት እንዲጻፍ ማድረግ ነው፦ በጥናት ጽሑፍ፣ በመጽሔት፣ በመጽሐፍ። ከአያት ጋር ተቀምጦ መቅዳትና መጻፍ የሚችለው ደግሞ ማን ነው? በየገጠሩ የሚመደበው መምህር አይደለምን? ጭላዳ ሣር በል መሆኑንና በገደል ላይ የሚያድር መሆኑን በተመለከተ ጓደኛዬ በኋላ የታተመ ምንጭ አግኝቶ መልሶ ጨምሮታል። የአያቱ ታሪክ ግን አሁንም በደብተሩ ውስጥ ነው።

ጥቂት መስመር ሲያጠፋ

«ሦስት መስመር ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ካለ ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ልንገረው።

ጆን ሲጀንታለር የተባሉ የታወቁ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበሩ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. (ሜይ 2005 እ.ኤ.አ.) አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ እሳቸው አጭር መጣጥፍ ጻፈ። በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥም በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው በሮበርት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው እንደነበር አስገባ። ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ እንዲያውም ሰውየው የሮበርት ኬኔዲ ረዳት ሆነው የሠሩ ነበሩ። ጽሑፉ ለአራት ወር ያህል ሳይታረም ቆየ። ሲጀንታለር ይህን በጋዜጣ ካወጡት በኋላ ነው በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ መጣጥፍ እንዳይከፍት የተከለከለው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋን ይመለከታል። በስኮትላንድ የሚነገር ስኮትስ የሚባል ቋንቋ የራሱ ውክፔዲያ አለው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. (2020 እ.ኤ.አ.) አንድ ጉድ ተገለጠ። ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በቅን ልቦና ከ20 ሺህ በላይ መጣጥፎች ጽፎበት ኖሯል! የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይዞ ቃላቱን ብቻ ከመዝገበ ቃላት እየለወጠ ነበር የሚጽፈው። ለዓመታት ሰው ሁሉ «ስኮትስ ማለት የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው» እያለ አነበበው።

ይህ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ በስልካችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስገብተን በአንድ ደቂቃ አማርኛ የሚመስል ነገር ማውጣት እንችላለን። አማርኛ መምሰልና አማርኛ መሆን ግን ይለያያሉ። ከዚህም በላይ የኮምፒዩተር ተርጓሚዎችና ጥያቄ መላሾች ቋንቋ የሚማሩት እንደ ውክፔዲያ ካሉ ጽሑፎች ጭምር ነው። እኛ ያበላሸነውን እነሱ ተምረው መልሰው ለተማሪዎቻችን ያስተምራሉ። ስለሆነም በሰፊው ከተተረጎመ መቶ ገጽ ይልቅ፣ በጥንቃቄ የተጻፈች አንዲት አጭር መጣጥፍ ትበልጣለች እላለሁ።

ስሕተቴን እንዴት አረምሁት?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ጥፋቴን እንዳወቅሁ ወዲያው ለማረም ተቀመጥሁ። የዩኔስኮን ጽሑፍ ስመለከት ውሳኔው የተሰጠው በሴፕቴምበር 1978 እ.ኤ.አ. ነው ይላል። እኔም እንዲህ ብዬ አሰላሁ፦ ሴፕቴምበር መስከረም ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 1971 ዓ.ም. ይሆናል። እንዲያውም የክፍሉ መምህር ማስታወሻም ተሳስቷል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር!

መምህራችን ስሌቴን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ቀኑ ስንት ነው?» አሉ። ፈለግሁ። ስብሰባው የተካሄደው በዋሽንግተን ከሴፕቴምበር 5 እስከ 8 ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ የእኛ መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ነበር። ስለዚህ ሴፕቴምበር 8 ማለት ጳጉሜን 3 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው! ማስታወሻው ልክ ነበር። እኔ አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት ላርመው ነበር ማለት ነው። በዚያው ስብሰባ ከተመዘገቡት 12 የመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ስላሉበት፣ ይኸው ጥንቃቄ ለእነሱም ያገለግላል።

ከዚህ የተገኘው ደንብ አጭር ነው። ወሩና ቀኑ ካልታወቀ 7 ወይም 8 ቀንሶ መገመት አይገባም፤ ዓመቱን እንዳለ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መተው ይሻላል። በመጨረሻ ያስገባሁት ጽሑፍ ይኸውና፦

«የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ በጳጉሜን 1970 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 1978 እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዝርዝሩ ወጥቷል። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል።»

አራት ዐረፍተ ነገር ናት። ለእያንዳንዷ ምንጭ አለኝ። ሁለት ቀን ፈጅታብኛለች።

በሚቀጥለው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ለክፍሉ ተናገርኩ፤ «ስሕተቱ የእርሷ አይደለም፤ ውክፔዲያ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም እንደፈራሁት አልሞትሁም። ለልጅቱ ማርኳን መለስሁላት። ማርክ የሚገባት ዓመቱን አግኝታ ሳይሆን፣ ከየት እንዳገኘችው መናገር በመቻሏ ነው። እኔ መጀመሪያ ስጽፍ ይህን አላደረግሁም ነበርና።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። በውክፔዲያ የወጣ ቃል ከአፋፍ ሊመለስ ይችላል፤ እስኪመለስ ድረስ ስንት ልጅ ደብተሩ ላይ እንደገለበጠው ግን የገጹ ታሪክ አይመዘግብም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ላብቃ። ከእኛ መካከል ስለ ትውልድ አካባቢው አንድ የታተመ ጽሑፍ ሊያገኝ የማይችል ሠልጣኝ ያለ አይመስለኝም። የቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያም ባዶ አይደለም። ፈቃደኛ የሆንን ሠልጣኞች ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍሉ ተገናኝተን፣ በሳምንት አንዲት አጭር መጣጥፍ ብቻ፣ አንዳችን ጽፈን ሌላችን አመሳክረን ብናወጣስ? መምህራንም እንደኔው መምህር «ቀኑ ስንት ነው?» እያሉ ቢጠይቁን ደስ ይለናል። የሚስማማ ካለ ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በእርሳስ ይጻፍ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም ስሕተት ያገኘ ሰው እዚያው ላይ ቢያርመኝ ቅር አልሰኝም።